በጅራታም ኮከብ ላይ የተገኘው መንከባለያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ሰማይ ሰማይ እያዩ እርስ በርስ በሚጋጩበት ዘመን፣ ቡሊት የምትባል አህያ ነበረች። ሥራዋ ለጦጣዎች ዕቃ መሸከም ነው። ጦጣዎች በዚያ ዘመን ብረት ቀጥቃጮች፣ መነጽር ሠሪዎች፣ ባጭሩ አርፈው መቀመጥ የማይሆንላቸው ፍጥረቶች ነበሩ።

ከሠሩት ሁሉ የሚኮሩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ክንፉ የፀሐይን ብርሃን እየጠጣ በሕዋ ውስጥ የሚበር፣ ዓይኑ ካሜራ የሆነ የብረት ወፍ ነው፤ «ጭልፊት» አሉት። ሁለተኛው በጭልፊት ሆድ ውስጥ ተጣጥፎ የሚሄድ ባለ ሦስት እግር ትንሽ ሮቦት ነው፤ እሱን «ፌንጣ» አሉት። ሁለቱንም ወደ አንድ ጅራታም ኮከብ ላኳቸው፤ ጭልፊት ኮከቡን እየዞረ ምስል እንዲያነሣ፣ ፌንጣ ደግሞ ወርዶ እንዲረግጠው።

ጅራታም ኮከብ ስለተባለ ኮከብ እንዳይመስላችሁ። ኮከብ እንደ ፀሐይ የሚነድ ነው። ይኼ ግን ተራራ የሚያህል የበረዶ፣ የአቧራና የድንጋይ ጓል ነው። ከፀሐይ ርቆ ሲኖር ጅራት የሚባል ነገር የለውም። ሲቀርባት ግን በረዶው ሞቆ ይተናል፣ እንፋሎቱ አቧራውን ይዞ ይወጣል፣ ከኋላው ይንዘረፈፋል፤ ጅራት የምንለው እሱን ነው። ደግሞ ልብ በሉ፦ መሬት ግዙፍ ስለሆነች አጥብቃ ትስበናለች፤ ዘለን የምንመለሰው ለዚህ ነው። ያ ጓል ግን ከመሬት አንጻር ኢምንት ነው፤ ስቦ የሚይዝበት ጉልበት የለውም። እዚህ አንድ ኩንታል የሚመዝን ጭነት እዚያ ከአንድ ቁንጥር ጨው አይከብድም። ወርዶ የነካው ነገር ሁሉ፣ የሚይዘው ካላገኘ፣ ይነጥራል።

ይኼን ጦጣዎቹ አልሳቱትም። ለፌንጣ መንጠቆ ሠሩለት። እግሩ በረዶውን ሲነካ መንጠቆው ተወርውሮ ይሰካል፤ በመንጠቆውና በፌንጣ መካከል የተጠቀለለው ረጅም የቆዳ ጠፍር ደግሞ ይወጠርና ፌንጣን ይዞ ያስቀረዋል። ጠፍሩን ከመንጠቆው ጋር የቋጠረችው ቡሊት ናት። ጦጣ ጣቷ ቀልጣፋ ነው እንጂ ለቋጠሮ ትዕግሥት የላትም። ቡሊት ግን ዕድሜ ልኳን ጭነት ሲታሰርባትና ሲፈታባት ስለኖረች፣ የቱ ቋጠሮ እንደሚጠብቅ የቱ እንደሚላላ ጀርባዋ ያውቀዋል። በጥርሷ ጎትታ፣ ሁለት ጊዜ ጠምዝዛ ቋጠረችው።

ጭልፊትና ፌንጣ ሦስት ዓመት ተጉዘው ያ ቀን ደረሰ። «ነካ!» ብላ ጮኸች እመት ጦጢት፣ የጦጣዎቹ አለቃ። አገሩ በእልልታ ተናጋ። እልልታው ሳይበርድ ግን ፌንጣ ነጠረ። ለሁለት ሰዓት ያህል ከሩቅ ምልክት ሲልክ ተሰማ፤ ከዚያ ዝም። ጦጣዎቹ በነካበት ቦታ ዙሪያ ፈልገው ፈልገው ሲያጡት «ጠፋ» አሉ። አገር ደግሞ አንድ ነገር ጠፋ ሲባል የሚፈልገው የጠፋውን ሳይሆን ያጠፋውን ነው። ተፈልጎም ወዲያው ተገኘ፦ ቡሊት።

ንጉሥ አንበሳ በሰፊው የድንጋይ አምባ ላይ ተሰየመ። እንስሳቱ ዙሪያውን ከበቡ። ከሳሹ አያ ጅቦ ነው፤ የጦጣዎቹ ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ ለዚያ ሥራ ማን እንደሾመው እስከ ዛሬ ያልታወቀው። ከጎኑ ነገረ ፈጁ ቀበሮ ቆሟል፤ ነገረ ፈጅ ማለት ስለ ሌላው ሆኖ በችሎት የሚሟገት ነው።

«ጌታዬ ንጉሥ» አለ ቀበሮ፣ ጅራቱን እንደ ኩታ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «ነገሩ አጭር ነው። ፌንጣ ለምን ነጠረ? ስላልተያዘ። ለምን አልተያዘም? ቋጠሮው ስለተፈታ። የቋጠረውስ ማነው?»

«አህያ!» አለ አያ ጅቦ፣ ምራቁን እየዋጠ።

ቀበሮ ቀጠለ። «ሕጉን ጌታዬ ያውቁታል። የአገር ንብረት ያጠፋ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ጅቦች ሠፈር ይሰደዳል።»

ከወንዝ ማዶ ተመልሳ የመጣች አህያ ታይታ አትታወቅም። ይኼን ሸንጎው ሁሉ ያውቃል። ቡሊትም ታውቃለች።

«ቋጠሮዬ አልተፈታም» አለች።

«በምን ታውቂያለሽ?» አለ አንበሳ።

«ቋጠሮዬ ስለሆነ።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ዝንጀሮ ደረቱን እየደለቀ ሳቀ። ከርከሮ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቡሊት ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ፌንጣ የት ነው ያለው?» አለች።

«ጠፋ ተባልሽ እኮ፣ እቴ!» አለ ቀበሮ።

«ጠፋ ማለት የት እንዳለ አላወቅንም ማለት ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም። ከእኔ ጀርባ ስንት ጭነት ወድቋል! ነጋዴው ጠፋብኝ ብሎ ሲጮህ እኔ ተመልሼ መንገዱን አያለሁ። የወደቀ ነገር ያረፈበትን ቢደብቅ የነካበትን አይደብቅም። የፌንጣ ዱካ ይታይልኝ። መንጠቆውም ካለበት ይታይልኝ።»

«በሰማይ ላይ ዱካ!» አለ ቀበሮ ወደ ሸንጎው ዞሮ። «ወገኖቼ፣ አህያ ከገለባ ቀና ብላ ሰማይ ያየችው መቼ ነው?»

«አንተ በሰማይ ስም ስትከሰኝ ነዋ!» አለች ቡሊት።

አሁን የሳቁት በቀበሮ ነው። ቀበሮ ግን አልሳቀም። «ጌታዬ፣ ጊዜ እያባከነች ነው። ትወሰድ!» አለ።

ሁለት ዝንጀሮዎች መጥተው ገፏት። ቡሊት አራት እግሯን ድንጋዩ ላይ ተከለች። አራት ሆነው ገፏት። ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። «ዱካው ሳይታይ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለች። አህያ አልሄድም ካለች ደግሞ አልሄድም ነው፤ ይኼን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

አንበሳ አዛጋ። «ሦስት ቀን ሰጥቼሻለሁ» አለ። «ዋስ ጥሪ!»

በዚያ አገር ልማድ፣ ቀጠሮ የተሰጠው ተከሳሽ «ቢጠፋ በእሱ ፋንታ እኔ አለሁ» የሚልለት ዋስ መጥራት አለበት። ቡሊት ዘመዷን በቅሎን አየቻት። «ፈረስ አጎቴ ነው» ማለት የለመደችው በቅሎ ጅራቷን እየወዘወዘች የዝንብ ነገር እንደያዛት ሁሉ ዞር አለች። ላም ሣር አገኘች። ፍየል ወዲያው አሳላት። ዋስ የሚሆናት ጠፋ።

«እንግዲያው ቁራኛ!» አለ አንበሳ።

 ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው መሰንበት ነው፤ አንዱ ሲበላ ሌላው አጠገቡ፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው አጠገቡ። የቡሊት የፊት እግርና የአያ ጅቦ የፊት እግር በብረት ሰንሰለት ታሰሩ። የአያ ጅቦ ዓይን በደስታ በራ።

«ስማ» አለው አንበሳ፣ «ፍርድ ከመስጠቴ በፊት ጥርስህ ቢነካት የምትቀጣው አንተ ነህ።»

«ብልሳትስ፣ ጌታዬ?»

«አይቻልም!»

«ትንሽ… ጆሮዋን ብቻ?»

«አያ ጅቦ!» አለ ቀበሮ በጥርሱ መሐል፣ «ዝም በል።»

ከዚያው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጦጣዎቹ ቤት ሄዱ። ቡሊት ትራመዳለች፣ አያ ጅቦ ይጎተታል። እመት ጦጢት በር ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷ አልጠራም።

«ቡሊት፣ እኔ ልጎዳሽ አልፈልግም። ነገር ግን ጭልፊት የላከውን አራት ሺህ ምስል አንድ በአንድ አይተናል። ፌንጣን አላገኘነውም።»

«እኔ ፌንጣን አልፈልገውም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«የነካውን። እናንተ ዕቃውን ፈለጋችሁ፤ ዕቃው ከሰማይ ሲታይ የስንዴ ቅንጣት ነው። መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ ከቅንጣት መንገድ ማግኘት ይቀላል። አሁን፣ ፌንጣ ከመውረዱ በፊት የተነሡትንና ከወረደ በኋላ የተነሡትን ምስሎች ጎን ለጎን ዘርጊልኝ።»

እመት ጦጢት ምስሎቹን ወለሉ ላይ ዘረጋች። ቡሊት አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ እንደዚህ ነው፦ ያ የበረዶ ጓል ይሽከረከራል፤ ስለዚህ እሱም ጠዋትና ማታ አለው። ጠዋት የድንጋዩ ጥላ በአንድ በኩል ይወድቃል፣ ማታ በሌላ በኩል። ያው አንድ ድንጋይ በሁለት የተለያየ ሰዓት ሲታይ ሁለት ድንጋይ ይመስላል። የጠዋቱን ከማታው ጋር የሚያስተያይ ሰው ያልተለወጠውን ተለወጠ፣ የተለወጠውን አልተለወጠም ይላል። ቡሊት ይኼን ከማንም አልተማረችም፤ በተራራ መንገድ ስትመላለስ ጠዋት የረገጠችው ጉድጓድ ማታ ስትመለስ ጉብታ መስሏት ስንቴ ተሰናክላለች!

«ጥላቸው ወደ አንድ ወገን የወደቀውን ከጥላ አቻው ጋር አድርጊው» አለች።

ያን ቀን ሙሉ ሲያዛምዱ ዋሉ። አያ ጅቦ ሰለቸው።

«ቡሊት።»

«እ?»

«ጎድንሽ ስንት ነው?»

«ያንን ጫፍ ርገጥልኝ፣ እየተጠቀለለ አስቸገረኝ።»

አያ ጅቦ ረገጠ። «እኔ ከጎድን ነው የምጀምረው» አለ። «ወንድሜ ግን ከጭን ይጀምራል። እንዲህ ነው የተጣላነው።»

«ምራቅህ ምስሉ ላይ ወረደ። ጥረገው።»

አያ ጅቦ፣ ለምን እንደሚታዘዛት ራሱም ሳያውቅ፣ ጠረገ።

ማምሻው ላይ የመጀመሪያውን ዱካ አዩት። ሦስት ትናንሽ ጉድጓዶች፣ ከጎናቸውም የተረጨ አቧራ። «ይኼንንማ እናውቀዋለን» አለች እመት ጦጢት፣ «የነካበት ቦታ ነው። ዙሪያውን ፈልገናል።»

«ዙሪያውን!» አለች ቡሊት። «ለምን ዙሪያውን? አቧራው እኮ ወዴት እንደሄደ እየነገራችሁ ነው። ጭነት እየተንሸራተተ ሲወድቅ አፈሩን የሚገፋው ወደሚሄድበት ነው። ይኸው፣ ሁሉም የተረጨው ወደ ቀኝ ነው። ወደ ቀኝ ሂዱ። ሁለት ሰዓት ምልክት የላከ ነገር ቅርብ አልወደቀም።»

በሁለተኛው ቀን ወደ ቀኝ ሄዱ፤ ማለቴ በምስሎቹ ላይ በዓይናቸው ሄዱ። ሜዳ አለፉ፣ ሸለቆ አለፉ፣ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ደረሱ። ያ ጓል ላዩ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው፤ በረዶው ያለው ከሥር ነው። ከፌንጣ በፊት በተነሣው ምስል አፋፉ ጥቁር ነው። በኋላ በተነሣው ላይ ግን አንዲት ነጭ ቁስል አለችው።

«ገጭቶታል!» ብላ እመት ጦጢት ዘለለች። «ቅርፊቱን ልጦ በረዶው ታየ!»

ቡሊት ግን አልዘለለችም። ገደል የገጨ ጭነት ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ይሽከረከርና ባልታሰበ በኩል ይሄዳል። ዱካው እዚያ ጋ ተቆረጠ። ወደ ግራ ፈለጉ፣ ወደ ቀኝ ፈለጉ። ምንም የለም። ፀሐይ አዘቀዘቀች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቀበሮ ብቅ አለ፤ ድምፁ ቅቤ ጠጥቷል።

«እትዬ ቡሊት፣ አንጀቴን በላሽው። የመጣሁት ላማክርሽ ነው። "ቋጠሮው ላልቶብኝ ነው፣ አጥፍቻለሁ" በይ። ከዚያ ወዲያ እኔ ንጉሡን እለምንልሻለሁ። ስደቱ ቀርቶ ለአያ ጅቦ ቤት እንጨት ተሸካሚ ትሆኛለሽ። ሕይወትሽ ይተርፋል። ማን ይጎዳል?»

 እውነቱን ለመናገር ቡሊት አንድ አፍታ አሰበችበት። እንጨት መሸከም ትችላለች፤ ስትሸከም ነው የኖረችው። ከመበላት መሸከም ይሻላል። ግን «አጥፍቻለሁ» የሚለውን ቃል በአፏ ውስጥ ብታዞረው ብታዞረው አልዋጥላት አለ።

«ያላጠፋሁትን አላምንም» አለች።

«እንግዲያው ዛሬ ማታ አያ ጅቦ ራትሽን… ይቅርታ፣ ራቱን ይበላል» ብሎ ቀበሮ ሄደ።

አያ ጅቦ ተቁነጠነጠ። «እንጨት ምን ያደርግልኛል?» ሲል አጉተመተመ። «ጥሩ አደረግሽ።»

ቡሊት ከንዴቷ ብዛት ጥግ ላይ ወደተጣሉት ምስሎች ሄደች። ጦጣዎቹ «ይኼ ጥላ ብቻ ነው» ብለው የጣሏቸው ናቸው። በአፍንጫዋ ገለጠች። አንዱን፣ ሁለቱን፣ ሃያውን። አንዱ ላይ ስትደርስ ጀርባዋን ያሳክካት ጀመር። እንዲያው ያለ ምክንያት፣ ልክ አመድ ስታይ እንደሚያሳክካት።

በሁለት ቋጥኞች መካከል ለስላሳ ጎድጓዳ ቦታ ነበር። ጠርዙ ላይ በአንድ በኩል የተከመረ ነጭ ነገር አለ።

«እመት ጦጢት!» ብላ አናፋች። «ይኼ ጥላ አይደለም! ይኼ መንከባለያ ነው!»

«የምን መንከባለያ?»

«አንቺ አመድ ላይ ተንከባለሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ!»

«ለዚህ ነው ያላየሽው!»

እመት ጦጢት አላመነችም። ቡሊትም በቃል አላስረዳቻትም፤ ወደ ግቢው ወጥታ አመዱ ክምር ላይ ዘፍ አለችና ተንከባለለች። አያ ጅቦ በሰንሰለቱ ተጎትቶ በላይዋ ተወረወረ፣ በማዶ ወደቀ፣ ተመልሳ ስትዞር ደግሞ በላይዋ ተመለሰ።

«ኧረ ገደለችኝ! ጌታዬ ንጉሥ፣ ጥርሴ አልነካትም፣ እሷ ናት የነካችኝ!»

ቡሊት ተነሥታ አመዷን አራገፈች። «አሁን እይው» አለች። «መጀመሪያ ትከሻዬ ያረፈበት ጥልቅ ነው። ጀርባዬ የዞረበት ረጅም ሆኖ ተድጧል። መጨረሻ ዳሌዬ አመዱን ገፍቶ በወጣሁበት በኩል ከምሮታል። ፌንጣ ገደሉን ከገጨ በኋላ እየተሽከረከረ ነው የመጣው። እዚህ ገባ፣ ተንከባለለ፣ ክምሩ ባለበት በኩል ወጣ።»

እመት ጦጢት የአመዱን ጎድጓዳ አየች። ምስሉን አየች። እንደገና አመዱን አየች። ከዚያ ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ለካስ ያ መንከባለያ ሌላም ምስጢር ይዟል፦ ፌንጣ እዚያ ላይ ክብደቱ ኢምንት ሆኖ ሳለ ያን ያህል ካጎደጎደ፣ በረዶው ከጠላ አረፋ የባሰ ልል ነው ማለት ነው። ተራራ የሚያህል አረፋ! ይኼን እስከዚያ ቀን ድረስ ከእንስሳት ወገን ያወቀ አልነበረም።

«ክምሩ ወዴት ነው የተገፋው?» አለች ቡሊት።

«ወደዚህ… ወደ ጥቁሩ ገደል ሥር።»

እዚያ ያለውን ምስል አቅርበው አዩት። ጨለማ ነው፣ ድንጋይ ነው። ከድንጋዩ መካከል ግን አንዲት ቀጥ ያለች ቀጭን መስመር ወደ ሰማይ ተቀስራለች። ተፈጥሮ እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር አትሠራም። የፌንጣ እግር ናት።

እመት ጦጢት አለቀሰች። ቡሊት ግን «ገና ነው፣ ጨርሰን እናልቅስ» አለቻት። «ጭልፊትን ዝቅ አድርጊልኝ። መጀመሪያ በነካበት ቦታ ላይ፣ ከዚህ በፊት ወርዶ በማያውቀው ልክ ዝቅ ይበል።»

ከሰዓት በኋላ ሸንጎው ተሰበሰበ። ቡሊት ከአያ ጅቦ ጋር እንደተቆራኘች መጥታ አምባው ላይ መንገዱን በከሰል አሰመረች፤ ከሦስቱ ጉድጓዶች ወደ ገደሉ አፋፍ፣ ከአፋፉ ወደ መንከባለያው፣ ከመንከባለያው ወደ ጥላው። «ይኸው ጠፋ ያላችሁት!» አለች። ሸንጎው አጉረመረመ፤ አንበሳ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ አየ።

ቀበሮ አጨበጨበ። «ድንቅ ነው! እጅ ነሣሁ! ግን ጌታዬ፣ ፌንጣ ተገኘ እንጂ ቋጠሮው አልተፈታም ያለ ማነው? እንዲያውም ይኼን ሁሉ መንገድ መንከራተቱ አለመታሰሩን ያስረዳል። ሟች ተገኘ ተብሎ ገዳይ ነጻ አይወጣም።»

ሸንጎው ወደ ቀበሮ አዘነበለ። ሸንጎ ሁልጊዜም መጨረሻ ወደተናገረው ያዘነብላል።

«እሱን ደግሞ መንጠቆው ይናገር» አለች ቡሊት። «ለጭልፊት ትእዛዝ ተልኮለታል። ቃላችን እዚያ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት፣ ምስሉ እዚህ ለመድረስ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ብርሃን እንኳ ያን መንገድ ሲሮጥ ይደክመዋል። ደርሶ ይሆናል።»

ሳትጨርስ እመት ጦጢት ምስሉን ይዛ እየሮጠች መጣች። አንበሳ ፊት ዘረጋችው። ሁሉም ተንጠራራ። በሦስቱ ጉድጓዶች መሐል መንጠቆው በበረዶው ተሰክቶ ቆሟል። መንጠቆው ላይ፣ ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘ፣ ጥብቅ ያለ ቋጠሮ። ከቋጠሮው ቀጥሎ ቁራጭ ጠፍር። ከዚያ በኋላ ምንም።

«ቋጠሮዬ አልተፈታም» አለች ቡሊት።

ቀበሮ ዓይኑን አንዴ ብቻ ጨፈነና ገለጠ። «ብርድ ነው» አለ። «የሰማይ ብርድ ጠፍሩን በጥሶታል። እንግዲያው ጥፋተኛ የለም፤ ነገሩ ይዘጋ።»

«ጥሩ» አለች ቡሊት። «ብርድ ቢበጥሰው በረዶው ላይ የወደቀው ቀሪ ጠፍር የት አለ? አሥር ክንድ ሙሉ ነበር። አሁን የሚታየው አንድ ስንዝር ብቻ ነው።»

«አንድ ስንዝር?» አለ አያ ጅቦ፣ ከተቀመጠበት ዘሎ። «ውሸት ነው! አንድ ክንድ ሙሉ ነው ያስቀረሁት! ስስታም አይደለሁም እኮ! ጫፉን አልነካሁም፣ የተጠቀለለውን ብቻ…»

የሸንጎው ዓይን ሁሉ ወደ አያ ጅቦ ዞረ።

«…ደግሞ ጨው አልነበረውም» አለ አያ ጅቦ ቀስ ብሎ።

ቀበሮ ጅራቱን ከትከሻው አወረደ። «ጌታዬ፣ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ የአያ ጅቦ ነገረ ፈጅ አለመሆኔ ይመዝገብልኝ» አለና ከሕዝቡ መሐል ሟሟ።

አንበሳ አገሳ። «የአገር ንብረት ያጠፋ ወንዝ ማዶ ወደ ጅቦች ሠፈር ይሰደድ!»

«እሺ ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ ደስ ብሎት፣ «ቤቴ እኮ ነው። እናቴም ትጠብቀኛለች።»

 ያን ሕግ ያወጣ ስለ ጅብ አላሰበም ነበር። «አትሄድም!» አለ አንበሳ። «የፌንጣ ወንድም የሚሆን ሌላ ሮቦት፣ ከነመንጠቆውና ከነጠፍሩ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ የጦጣዎቹን ጭነት አንተ ትሸከማለህ። ቁራኛው ይፈታ!»

ሰንሰለቱ ወደቀ። አንበሳ ወደ ቡሊት ዞሮ ጥፍሩን ከፍ አደረገ። «ቡሊት፣ ምሬሻለሁ። በሰላም ሂጂ።»

ሸንጎው እልል አለ። በቅሎ «የእኔ ዘመድ!» እያለች ወደፊት መጣች። ቡሊት ግን ባለችበት ቆማለች።

«ሂጂ ተባልሽ እኮ» አለ አንበሳ።

«ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ። ምሕረት ላጠፋ ነው። እኔ ምን አጠፋሁ?»

እልልታው ተቋረጠ። «ሂጂ እንጂ አንቺ እብድ!» ስትል በቅሎ በሹክሹክታ ጎተተቻት። ቡሊት አልተጎተተችም።

«ንጉሥ ማረሽ!» አለ አንበሳ፤ የጋማው ፀጉር ቆመ። «ንጉሥ ሲምር አፈር ስሞ መሄድ ነው ልማዱ።»

«ልማዱን አውቀዋለሁ። ዛሬ ተምሬ ብሄድ ግን ነገ ማንም ሲያየኝ "ያቺ ንጉሥ የማራት፣ ጠፍር ያጠፋችው አህያ" ይለኛል። ውርንጭሎቼንም እንዲሁ ይላቸዋል። ሦስት ቀን ከሚበላኝ ጋር ተቆራኝቼ የሰነበትኩት ምሕረት ፍለጋ አይደለም። ፍርዴን ይስጡኝ፤ ካልሆነም እዚሁ ይብሉኝ እንጂ አልሄድም።»

 አንበሳ አንድ እርምጃ ወደሷ ተጠጋ። የቡሊት እግር ከቦታው አልተነሣም። አንበሳ ከእግሯ ሥር በከሰል የተሰመረውን መንገድ አየ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ፣ ቁጭ ብሎ ሲፈርድ የኖረው ንጉሥ በአራት እግሩ ቆመ።

«ቡሊት አላጠፋችም» አለ፤ ድምፁ ከአምባው ማዶ ተሰማ። «ቋጠሮዋ አልተፈታም። ሳላጣራ ልፈርድባት ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ተፈርዶላታል።»

ቡሊት ያን ጊዜ ብቻ ጆሮዋን አነቃነቀች። አፈር አልሳመችም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና በሸንጎው መሐል ለመሐል፣ ሁሉም መንገድ እየለቀቀላት፣ ቀጥ ብላ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ጠፋ የተባለውን ነገር ዱካውን ሳንከተል ጥፋተኛ መፈለግ እንደማይገባን፣ ንጹሕ የሆነም ምሕረት ተቀብሎ አንገቱን ከሚደፋ ፍርዱን እስኪያገኝ ከቆመበት ንቅንቅ አለማለት እንደሚሻለው ነው።